«ሦስት ሺህ ብዙ ነው»

ባለፈው ቅዳሜ አስኮ፣ ሰፈራችን ካለው ፀጉር ቤት ታላቅ እህቴ ካስክ ስር ሆና ስልኳን ሰጠችኝ። ከሆዷ ስብ አስመጥጣ መቀመጫዋን ያስሞላች ሴት ፎቶ ነው። «የራሷ ስብ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል?» አለች። ለካ ቤይሩት አራት ዓመት ለፍታ ያጠራቀመችውን ይዛ ቱርክ ልትሄድ ኖሯል!

ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ጣጣው ስቡ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ቱቦው ጡንቻ ውስጥ ዘልቆ ትልቅ የደም ሥር ከቀደደ ስቡ ወደ ልብ፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ወዲያው ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ግብረ ኃይል ከ3,000 ታካሚ እስከ አንድ እንደሚሞት አስጠነቀቀ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ማኅበር አባላቱ ሥራውን እንዲያቆሙ መከረ፤ በ2022 ደግሞ ስቡ ከቆዳ ሥር ብቻ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ ይግባ አለ።

ነገርኳት። «ሦስት ሺህ ብዙ ነው» ብላ ሳቀች።

«እታለም፣ ቤይሩት ሳለሽ እማዬ የሄዱትን ሁሉ አልቆጠረችም። የጠበቀችው አንቺን ብቻ ነው» አልኳት።

ዝም አለች። ገንዘቡ ግን እስከ ዛሬ ባንክ ነው።