ምንጣፉን አንሱት

መኪናው መሽተት የጀመረው በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ነው። እናቴ ከገበያ ስንመለስ ያፈሰሰችው እርጎ መስሎኝ ወንበሩን አጠብኩ፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በሮቹን ከፍቼ ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ሰኞ ዘነበ፤ ማክሰኞ ሽታው ተመለሰ። የእርጎ አይደለም። ዝናብ የመታው ጆንያ ነው የሚሸተው።

መካኒኩ እጁን ከፊት ወንበር ሥር ሰደደና ዝም አለ። መካኒክ ዝም ሲል ሐኪም ዝም እንዳለ ነው፣ ሆድ ይረብሻል። ወንበሩን ፈታ፣ ምንጣፉን ገልብጦ አነሳ። ሥሩ ውኃ አቁሯል። ውኃውን በጨርቅ ሲጠርገው ከአንደኛው በር እስከ ሌላኛው የሚሄድ የብየዳ መስመር ወጣ። ላዩ ጥቁር ተቀብቷል፣ ቀለሙ ግን በዝገት መነሳት ጀምሯል።

«ይሄ እኮ ሁለት መኪና ነው» አለኝ።

አልገባኝም። አስረዳኝ። አንድ ቪትዝ ከኋላ ተመትቶ ከጥቅም ውጪ ይሆናል፣ ሌላ ቪትዝ ከፊት። የአንዱ ደህና ፊትና የሌላው ደህና ኋላ ተቆርጠው መሐል ላይ ይበየዳሉ። ስቱኮ፣ ቀለም፣ አዲስ ምንጣፍ፤ አለቀ። የሻንሲ ቁጥሩ ያለው በፊተኛው ግማሽ ላይ ስለሆነ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል። ቦሎውም ወጥቶለታል። «የተቀጠለ» ይሉታል። ቀሚስ ነው የሚመስለው።

እኔን በዚያች ሰዓት ያስጨነቀኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም። አባዬን ምን ብዬ ነው የምነግረው?

*

አባቴ ሹፌር ነው። ጡረታ ወጥቷል፣ ግን «ነበር» ብዬ መጻፍ አልችልም። በወጣትነቱ ኤንትሬ ይዞ የአሰብን መንገድ ተመላልሶበታል፤ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ እያለ ሲቆጥራቸው የልጆቹን ስም የሚጠራ ነው የሚመስለው። የአሰብ መስመር ሲዘጋ ወደ ጂቡቲ ዞረ። በ40 ዓመት ውስጥ የነዳው ሁሉ የሰው ነው። አንድም ቀን በስሙ ሊብሬ ኖሮት አያውቅም።

እና በ2014 ዕቁብ ደረሰኝ። የእኔ ቁጠባ፣ ዕቁቡ፣ ዱባይ ያለችው እህቴ የላከችው፣ ሲደመር 870 ሺህ ብር። በዚህ ብር ምን ይገዛል? የ2012ቱ የኤክሳይስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ከጣለ ወዲህ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት ከንቱ ሆነ፤ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ደግሞ እንደ ወርቅ ተወደዱ። እኛ ያገኘነው 2002 ሞዴል ቪትዝ ነው። ከአስፋልት ዳር ያለ፣ ባንዲራ የተደረደረበት፣ መኪኖቹ ጠዋት ጠዋት የሚወለወሉበት መሸጫ። ዳሽቦርዱ 98 ሺህ ኪሎሜትር ይላል። የ20 ዓመት መኪና! በዓመት 5 ሺህ እንኳን ሳይሞላ! (የዚህ ከተማ መኪና ሁሉ 100 ሺህ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚሸጠው፤ እንዴት እንደሚሆን አትጠይቁኝ።)

አባዬ ግን ለቁጥር ደንታ የለውም። የራሱ ዘዴ አለው። ኮቱን አውልቆ ሰጠኝና ጀመረ። የመሐል ጣቱን አጥፎ በሮቹን፣ ፓራፋንጎውን፣ ኮፈኑን በየተራ አንኳኳ። ላሜራው ንጹሕ ከሆነ ይጮኻል፣ ስቱኮ ካለበት ዱብ ይላል። የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን አየ፤ ነጭ አረፋ ካለ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ ጓርኒሲዮኒው ሄዷል ማለት ነው። የኮፈኑን ብሎኖች በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ቁልፍ ነክቷቸው እንደሆነ። ሞተሩን አስነስቶ መሐረቡን ማርሚታው አፍ ላይ ያዘ። ሻጩ ልጅ እጁን አጣምሮ «ፋዘር እንደሱ ነው መግዛት!» እያለ ያሞካሻል።

በመጨረሻ አባዬ ኮቱን ተቀበለኝና «ንጹሕ ነው» አለ።

ያን ቀን የነበረውን ፊቱን ሳስታውስ አሁንም ደስ ይለኛል። ለምን ደስ እንደሚለኝ አላውቅም፣ ተሸውደን እኮ ነው።

*

ከብየዳው በኋላ መጀመሪያ ብቻዬን ሄድኩ። ፎቶዎቹን ለሻጩ አሳየሁት። በጣም ጨዋ ሆነ፣ ማኪያቶ አዘዘልኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «እህቴ፣ እኛ እኮ ሻጭ አይደለንም። አገናኝ ነን።»

እውነቱን ነው። ቤት ገብቼ ውሉን አወጣሁት። ሻጭ የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው አይቼው የማላውቀው ሰው ስም ነው። ውልና ማስረጃ የፈረመልንም ሻጩ ልጅ ሳይሆን የዚያ ሰው ውክልና ያለው ሌላ ሰው ነው። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ በውክልና ሲሄድ ስሙን ያዛወረ የለም፣ መሸጫው በወረቀት ላይ ጭራሽ የለም። ብሬን የተቀበለው፣ ቁልፍ የሰጠኝ፣ «ለአባባ» ብሎ የስልክ ማስቀመጫ የመረቀልኝ ድርጅት በሕግ ፊት ከመንገደኛ አይለይም።

ዋጋው ደግሞ አለ። ይቺን ስጽፍ አፍራለሁ። ውሉ ላይ 300 ሺህ ብር ነው የሚለው። ክፍያው እንዲቀንስልን፣ «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው» ሲሉን እሺ ብለናል። ስለዚህ ከስሼ ባሸንፍ እንኳን፣ በገዛ ፊርማዬ የከፈልኩት 300 ሺህ ነው። 570 ሺህ ብር በገዛ እጄ አጥፍቻለሁ። ከሥር ደግሞ፣ «መኪናውን አይቼና መርምሬ፣ ባለበት ሁኔታ ወድጄ ገዝቻለሁ።» ማን ያነባል? እኔ አላነበብኩም። ጸሐፊዋ ገጹን ስታገላብጥ ጣቷ የሚያሳየኝ ቦታ ላይ ብቻ ነው የፈረምኩት።

ሕግ የተማረ ጓደኛ አለኝ። ቁጭ አድርጎ ነገረኝ። በ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። እኛ የገዛነው ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው፤ 15 ቀኑ ሲያልቅ ገና አልዘነበም። የቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱ ይሻላል። ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጭ ያሳውቅ፣ ካሳወቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ይክሰስ ይላል። ሻጩ ሆን ብሎ አታሎ ከሆነ ጊዜ ገደቡም መከላከያ አይሆነውም።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለኝ ጓደኛዬ። «ሲመረመር ሊታይ ለሚችል ጉድለት ሻጭ አይጠየቅም። ስለዚህ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነው። አባትሽ ማየት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?»

*

አባዬ ሲሰማ አልጮኸም። «እስቲ አሳዪኝ» አለና ጋራዥ ሄድን። ተንበርክኮ ብየዳውን በእጁ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። ተነሳ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣውም። ማታ እራት ላይ፣ «ብየዳው ጥሩ ነው፣ የሠራው ልጅ እጅ አለው» አለ። እናቴ ከት ብላ ሳቀች፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ክስ አልመሠረትንም። ለምን ብትሉኝ፣ ውሉን ነግሬያችኋለሁ። ሽምግልና ተባለ። ከእኛ ወገን የአባቴ የድሮ ረዳት የነበሩ፣ አሁን ሁለት የጭነት መኪና ያላቸው ሰውዬ መጡ። ከእነሱ ወገን የሻጩ አጎት። እሑድ ከሰዓት፣ ካፌ ውስጥ። መካኒኬ ፎቶውን እያሳየ መሰከረ፤ ምንጣፍ ካልተነሳ ማንም አያየውም አለ።

ሻጩ ጨዋነቱን አልተወም። «ፋዘር የ40 ዓመት ሹፌር ነኝ ብለውኛል። አንኳኩተው፣ ዳሰው፣ ንጹሕ ነው ብለው ነው የወሰዱት። የ40 ዓመት ሹፌር ያላየውን እኔ በምን ላይ? ደግሞ ምንጣፍ ምንጣፍ ትላላችሁ፤ የግራ በሩ ክፍተት እኮ ከላይና ከታች እኩል አይደለም። ቆሞ የሚታይ ነገር ነው። ፋዘር አይተው፣ ወድደው ነው የገዙት።»

ሁሉም አባቴን አየው። እኔም አየሁት። «አላየሁም» ካለ 40 ዓመቱን በቡና ስኒዎች መሐል አስቀምጦ መሄዱ ነው። «አይቻለሁ» ካለ ብራችን ሄደ። ለነገሩ እኔ ውስጥ ውስጡን ምን እንዲል እንደፈለግኩ አሁን ሳስበው፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

«ክፍተቱን አላየሁትም» አለ። «የግራ ዓይኔን ሞራ ከሸፈነው ዓመት አልፎታል። ጆሮዬም የድሮው አይደለም፤ ላሜራውን ስመታው የጮኸ መሰለኝ። ለልጄም አልነገርኳትም። መኪና ልትገዛልኝ እየሮጠች፣ ማየት አልችልም ልበላት?»

እናቴ ታውቅ ነበር ወይ? እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ረዳት የነበሩት ሰውዬ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ወደ ሻጩ ዞሩ። «እሱ አላየም፣ አመነ። አንተ ግን ክፍተቱን አይተኸዋል ማለት ነው?»

ልጁ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። አጎቱ በክርኑ ነካ አደረገው። ከዚያ በኋላ ያለው የዋጋ ክርክር ነው፣ አላሰለቻችሁም። መኪናውን ይወስዳሉ፣ ከ870 ሺው 790 ይመልሳሉ፣ 80ው «የተነዳበት» ተባለ። በሁለት ቼክ። ሁለተኛው በሦስት ሳምንት ተባለና በሰባተኛው ሳምንት ወጣ። በዚያ መሐል ተመሳሳይ ቪትዝ አንድ ሚሊዮን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር።

ወረቀትም ተጻፈ። የመሸጫውን ስም በመጥራት ጉዳዩን በሕግም ሆነ በሚዲያ ላላነሳ። ሻጩ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ከጎኑ በራሱ እጅ «በቲክቶክም» ብሎ ጨመረ። እኔ ፈረምኩ፣ እሱ ፈረመ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፈረሙ። ስሙን እዚህ የማታዩት ለዚህ ነው።

*

ከመጣው ብር መጀመሪያ የወጣው ለዓይኑ ነው። ፋሻው በተፈታ ማግሥት አባዬ መስኮት ላይ ቆሞ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ያሉትን ሚስማሮች ይቆጥር ነበር። እናቴን «አርጅተሻል እኮ!» አላት። ሁለት ቀን አኮረፈችው።

ጥቅምት ላይ በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ያው መኪና ነው፤ ቀለሙ ያው፣ የኋላ መስታወቱ ላይ እኔ የለጠፍኩት ቢራቢሮ ሳይነሳ። «2002 ቪትዝ፣ የሴት መኪና፣ ምንም ያልተነካ።» ዋጋው ከእኛ በ200 ሺህ ይበልጣል። የሴት መኪና መሆኑ እንኳን ውሸት አይደለም። ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁት። ፎቶውን በሁለት ጣቱ ሰፋ አደረገውና፣ «ይኸው ክፍተቱ» አለ። «ይኸው! ቆሞ የሚታይ ነገር ነው።» እና ስልኩን መለሰልኝ።

ሌላ ነገር አላለም። እኔም ወረቀቱን አስታወስኩና ዝም አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ያንን መኪና የሚገዛውን ሰው አሰብኩ። ዕቁብ የደረሳት ሴት ብትሆንስ? ለቻናሉ መልእክት ጽፌ አጠፋሁ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ አጠፋሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። ሻጩ ነው።

«እህቴ፣ አባትሽ እዚህ መጥተው ደንበኛ እየበተኑብን ነው። ተስማምተን፣ ፈርመን አልነበረም እንዴ?»

መሳቢያውን ከፍቼ ወረቀቱን አወጣሁት። አራት ፊርማ አለው። አንድ በአንድ አየኋቸው።

«አባቴ አልፈረመም» አልኩት።

ዝም አለ። ከጀርባው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ ከጥሩምባው ኋላ ደግሞ የአባዬ ድምፅ፦ «ምንጣፉን፣ እናንተ ልጆች፣ መጀመሪያ ምንጣፉን አንሱት።»