ስለ ገነተ ማርያምና ስለ ተማሪ ቤት መሬት

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው፥ ከግማሽ ቀን በኋላ ገነተ ማርያም ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ1262 ዓ.ም. ጀምሮ በነገሡት በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ከአንድ አለት እንደ ተፈለፈለች ይነገራል፤ የንጉሡም ሥዕል በውስጧ ይታያል፤ ዙሪያዋም በዓምድ የተከበበ ነው።

እኔን ግን ከሥዕሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የአሠራሩ ሥርዓት ነው። በድንጋይና በጭቃ የሚሠራ ቤት ከመሠረቱ ይጀምራል፤ ቢጣመምም ፈርሶ ይታደሳል። አለት የሚፈለፍል ሰው ግን ከጣራው ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንድ ዓምድ በስሕተት ቢቈርጥ የሚመልስለት የለም። ስለዚህ መሮውን ሳያነሣ በሩ በየት እንደሚሆን፥ ዓምዱ ስንት እንደሆነ፥ የክረምቱም ውሃ በየት ቦይ እንደሚሄድ አስቀድሞ ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

የዩኒቨርሲቲም መሬት እንዲሁ ነው። የቆሎ ተማሪ ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ መምህሩ ሲያርፉ ተማሪው ይበተናል፥ ጎጆው ይፈርሳል፥ ስፍራውም ተመልሶ ግጦሽ ይሆናል። የሲሚንቶ ሕንጻ ግን የያዘውን መሬት አይለቅም። በአዲስ አበባ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምር የነበረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ሲያድግ፥ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ሰጡት። ስጦታው ታላቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ከተማው ስለ ከበበው ወደ ጎን ለመስፋት ስፍራው ጠባብ ነው።

በእኛ በሰሜን ወሎ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነትም ተዘርፎና ተጎድቶ እንደገና ተነሥቷል። የፈረሰውን መጠገን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን መቶ ዓመት ማሰብ የሚገባው አሁን ነው።

በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራዬ ከማያቸው መዛግብት ብዙዎቹ የወሰን ክርክር ናቸው፤ አያት ያልጻፈው ድንበር የልጅ ልጅን ከችሎት ያቆማል። እንግዲህ አስቀድሞ ወሰኑ ከጎረቤቱ ገበሬ ጋራ ተስማምቶ፥ ተገቢው ካሳም ተከፍሎ ይጻፍ። ቀጥሎ ሕንጻ የማይነካው ስፍራ፥ ይኸውም ምንጩ፥ ደኑና የጎርፉ መሄጃ ይከለል። የመማሪያውና የማደሪያው ቤት በቀረው ላይ ይቁም፤ ማሳ ከሚበላም ፎቅ ይጨምር። ልጆቻችሁን ለማስመረቅ የምትሄዱ ወላጆችም የሕንጻውን ብዛት ብቻ አትቊጠሩ፤ ተማሪው የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ችግኙም ከሕንጻው ቀድሞ ይተከል፤ ጽድ ጥላ እስኪሆን ድረስ ብዙ ዓመት ይወስዳልና።