ወፍ የዘራው ሚጥሚጣ

አሶሳ ባደግኩበት ግቢ፣ ከሽመል አጥሩ ሥር፣ ማንም ያልተከለው ሚጥሚጣ ነበር። እናቴ «ወፍ የዘራው ነው» ትል ነበር። እውነቷን ነው። እኛን የሚያንገበግበን የሚጥሚጣ ማቃጠል ወፍን አይሰማውም፤ ቀዩን ፍሬ ለቅሞ ይበርና ባረፈበት አጥር ሥር ዘሩን ይጥለዋል። ይህን እኔ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ወላጆቼ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነሥተው በቁጥር ከሚጠሩት የአሶሳ የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ጎጆ ቀለሱ። እናቴ ከአገሯ ያመጣችው ሀብት ቢኖር የበርበሬ ሙያዋ ነበር። የአሶሳ ክረምት ግን ረጅም ነው፤ ምድሩ ቶሎ አይደርቅም። እንደ ወሎው ሰሌን አንጥፋ መሬት ላይ ያሰጣችው የመጀመሪያ ዓመት ዛላ ሻገተባት። አጥር ለአጥር የምንገናኛቸው የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ እናት ይህን አይተው፣ ከመሬት ከፍ ያለ የሽመል ቆጥ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩዋት። ነፋሱ ከላይም ከታችም ይገባል። ከዚያ ወዲህ በቤታችን በርበሬ መሬት ነክቶ አያውቅም።

ያ ቆጥ ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ሁላችንም ተሯሩጠን ዛላውን እናስገባለን፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ መልሰን እናሰጣለን። እናቴ አንዱን ዛላ አንሥታ ጆሮዋ ሥር ትነቀንቀዋለች። ፍሬው ከውስጥ ሽክ ሽክ ካለ ደርቋል፤ ዝም ካለ ወደ ቆጡ ይመለሳል። ቅንጠሳ ላይ ስንቀመጥም የተጠራጠረችውን ሰንጥቃ ታያለች። ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ካለበት «ይሄ ለሆድ አይሆንም» ብላ ትወረውረዋለች። ድሆች ነበርን፤ ለሻገተ ዛላ ግን አንድም ቀን አልሳሳችም። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ እንዲህ ካለ ሻጋታ ሊመጣ እንደሚችል፣ ጉበት እንደሚጎዳና ወጡ ቢንተከተክም እንደማይጠፋ የተማርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የበርበሬን የጤና ጥቅም የሚቆጥር ሰው ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ሚጥሚጣ ስቀነጥስ ውዬ እጄ እሳት ሆነ። ውሃ ባፈስስበት ምንም አልበረደልኝም። እያለቀስኩ ወደ ጎረቤታችን ሮጥኩ። «ነይ ልጄ፣ ውሃውን ተይው» ብለው መዳፌ ላይ የሰሊጥ ዘይት አፈሰሱልኝ፤ ጣት በጣት እያሹ አዳረሱትና በሳሙና አጠቡኝ። ማቃጠሉ ቀስ እያለ ለቀቀኝ። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ በዘይት ይሟሟል፣ በውሃ ግን እምብዛም ነው። ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራው፣ በዚሁ ካፕሳይሲን ተጠቅሞ ሙቀትንና ሕመምን የሚያሳውቀንን የነርቭ ተቀባይ በማግኘቱ ነው። ዛሬ ካፕሳይሲን በቅባት መልክ ለነርቭ ሕመም ማስታገሻ ይሆናል። የሽልማቱን ዜና ስሰማ አፍንጫዬን ያወደው የዚያ የሰሊጥ ዘይት ሽታ ነበር።

ጎረቤታችን ቤት የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ሲቀርብ፣ ከአጥሩ ሥር የተለቀመ ትኩስ ሚጥሚጣ ተወቅጦ ጣል ይደረግበታል። እኛ ቤት ደግሞ ስንግ ቃሪያ ከገበታ አይታጣም። ትኩስ ቃሪያ በክብደት ሲመዛዘን በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን ይበልጣል። በርበሬው ፀሐይ ላይ ሲደርቅ አብዛኛው ቫይታሚን ሲ ይጠፋል፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን የሚባለው ቀለም ግን በከፊል ይተርፋል፤ ወጡ ውስጥ ያለው ቅባትም እንዲዋሐደን ይረዳዋል። ጉንፋን ሲይዘን ሚጥሚጣው አፍንጫችንን ለጊዜው ይከፍትልን ነበር፤ በሽታውን ግን አያድንም።

እናቴ በርበሬ ለሁሉም ይስማማል ብላ አታውቅም። አባቴ ጨጓራው ሲነሣበት ለብቻው አልጫ ትሠራለታለች፤ የእኛን ቀይ ወጥ እያየ ሲያጉረመርም «ዛሬስ አይሆንም» ትለዋለች። የጨጓራ ቁስል ብዙ ጊዜ የሚመጣው በባክቴሪያ መሆኑን ማንም አልነገራትም፤ በርበሬ የታመመን ሆድ እንደሚያባብስ ግን ታውቅ ነበር። ቻይና ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚያቃጥል ምግብ የሚበሉት በሞት የመቀጠፍ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ እንዳገኘው አንብቤያለሁ። ምክንያቱ በርበሬው ነው ብሎ ግን አልደመደመም። እናቴ ብትሰማው ደስ ይላት ነበር፤ የአባቴን አልጫ ግን አትተውም ነበር።

በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በበሶብላ የተደለዘው በርበሬ ደርቆ ከኮረሪማና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ሲወቀጥ፣ የሁለቱ ቤቶች ዘነዘና ይቀባበል ነበር። ሠፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል። አሁን ሙቀጫው ቦዝኗል፤ በርበሬው ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ወይም ተፈጭቶ ታሽጎ ይገዛል። ድካሙ ለቀለላቸው እናቶች ደስ ይለኛል። የምናፍቀው ዛላውን አንሥቶ የሚነቀንቀውን እጅ ነው። የተፈጨ በርበሬ ጆሮ ሥር ቢነቀንቁት አይናገርም፤ ሻግቶ እንደነበር ቀለሙ አይነግርም።

እናቴም ጎረቤታችንም ዛሬ የሉም። እናንተ ግን በዚህ ዓመት በርበሬ ካዘጋጃችሁ፣ ዛላውን ራሳችሁ መርጣችሁ ግዙ፤ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስጡት፤ የሻገተውን ሳትሳሱ ጣሉት። አደራ።