3 ሰዓት ሲባል የማን 3 ሰዓት?

«ሐሙስ 3 ሰዓት ዙም አለን፣ እንዳትቀሩ።»

እንዲህ ያለ መልእክት ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሲገባ አዲስ አበባ ያለው ሰው የጠዋቱን 3 ሰዓት ያስባል። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የከሰዓቱን 3 ይይዛል፤ ያ በእነሱ በጋ ለእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ዱባይ ያለችው «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላ ትጠይቃለች፣ የሚመልስላት ታጣለች፣ በሁለቱም ሰዓት ገብታ ብቻዋን ትቀመጣለች። ሐሙስ እንዲህ ያልፍና ዓርብ «ለምን አልገባችሁም?» የሚል ይመጣል።

ከርቀት የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እኔ ግን ጥፋቱን ሁልጊዜ በመተግበሪያው ማሳበብ አይዋጥልኝም። ዙምም ሆነ ጎግል ሚት የታዘዙትን ይሠራሉ። ችግሩ ያለው ስብሰባ ጠሪው ዘንድ ነው፤ የራሱን ሰዓት የሁሉም ሰዓት፣ የራሱን ኢንተርኔት የሁሉም ኢንተርኔት አድርጎ ይቆጥራል።

ስሌቱ እንኳ ከባድ አይደለም። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከቦታው አይነቃነቅም። የዋሽንግተን ግን በማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ይሄዳል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ይመለሳል። ስለዚህ በእነሱ በጋ፣ እኛ ዝናብ ላይ ስንሆን ማለት ነው፣ ልዩነታችን 7 ሰዓት ሲሆን በብርዳቸው ወራት 8 ይሆናል። አንድ አቋራጭ ልንገራችሁ፦ በበጋቸው የዋሽንግተኑ ቁጥር ላይ 1 ስትደምሩ የሐበሻው ሰዓት ይመጣል፣ በብርዱ 2 ትደምራላችሁ። እነሱ ጠዋት 10 ሲሉ እኛ 11 ሰዓት ነን፤ ኖቬምበር ሲገባ ግን 12 ሰዓት፣ ማለትም ምሽት።

ለዚህም ነው በየሳምንቱ የሚደረገው ስብሰባ በጥቅምት መጨረሻ ማንም ሳይነካው የሚንሸራተተው። ጎግል ካላንደር ላይ ተደጋጋሚ ስብሰባ ሲያዝ ሰዓቱ የሚታሰረው በያዘው ሰው ከተማ ነው። ያዡ ዋሽንግተን ከሆነ የሚንሸራተተው እኛ ላይ ነው፣ ያዡ አዲስ አበባ ከሆነ እነሱ ላይ። አውሮፓ ደግሞ ሰዓቱን የሚቀይረው በማርች መጨረሻው እሑድ ስለሆነ በመካከሉ ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ለንደንና ዋሽንግተን እርስ በርሳቸው እንኳ አይገጣጠሙም። በእነዚያ ሳምንታት «ዘገየህ» ብሎ ሰው ላይ መቆጣት ግፍ ነው።

ቀኑም እንደ ሰዓቱ ነው። ሴፕቴምበርን በልቡ «መስከረም» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሴፕቴምበር 12 የተባለውን ስብሰባ መስከረም 12 ብሎ ይይዛል፤ ትክክለኛው ቀን መስከረም 2 ነበር። አሥር ቀን! ግብዣ ሲጻፍ የሳምንቱ ቀን፣ የሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ቀን፣ የከተማው ስም፣ ጠዋት ወይም ማታ የሚለው ሁሉ ይጻፍ። «ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ኦክቶበር 23፣ አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ዋሽንግተን ከጠዋቱ 10» ብሎ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሰዓቱ ተስተካከለ እንበል። ከዚያ በኋላ የሚያመሸው ማን ነው?

ሲያትል ያለው አለቃ ቢሮ ገብቶ ቡናውን ይዞ ከጠዋቱ 9 ላይ «አጭር ስብሰባ» ሲል አዲስ አበባ መሽቷል፤ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። እዚህ ያለችው ሠራተኛ የቤቷ መስመር ስለሚቆራረጥና መብራቱ ስለማይታመን ጄኔሬተር ያለበት ቢሮ ተከራይታ ትቆያለች። 2 ሰዓት የተጀመረው «አጭር» ስብሰባ 3 ተኩል ላይ ያልቃል። በዚያ ሰዓት የሚኒባስ ወረፋ የለም፣ ሚኒባሱም የለም። ራይድ ትጠራለች። ድርጅቱ የትራንስፖርት አይከፍላትም፣ ምክንያቱም በወረቀት ላይ «ከቤት የምትሠራ» ናት። ልጆቿን እራት ያበላችው እህቷ ነች። በማግስቱም ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ መጀመር አለባት፤ የአዲስ አበባው ቡድን የሚጀምረው ያኔ ነዋ።

ይህን አለቃው አያውቅም፣ የነገረው የለምና። «ሰዓቱ ይመቻችኋል?» ሲባል «ምንም ችግር የለም» ብለን እንመልሳለን። ይሉኝታችን ውቅያኖስ ተሻግሮም አይለቀንም። ፈረንጁም ችግር የለም የተባለውን ችግር የለም ብሎ ይመዘግባል። ከእሱ ምን ይጠበቃል?

የእኔ ሐሳብ መጥፎውን ሰዓት እንደ ዕቁብ ማዞር ነው። በዚህ ወር አዲስ አበባ ያምሽ፣ በሚቀጥለው ወር ስብሰባው ለእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁንና ሲያትል ያምሽ። ጥቅሙ ፍትሕ ብቻ አይደለም። ሲያትል ተራው ደርሶት ከእራት በኋላ፣ በእነሱ በጋ ከምሽቱ 10 ተኩል ላይ፣ ኮምፒውተሩን ሲከፍት «ይህ ጉዳይ በጽሑፍ ቢላክ አይበቃም ነበር?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ይነሣል። ብዙ ስብሰባ የሚሰረዘው ያን ጊዜ ነው።

ሳምንቱም አንድ አይደለም። እስራኤልና ሳዑዲ ዓርብና ቅዳሜ ያርፋሉ፣ ኤምሬትስ ከ2022 ጀምሮ ቅዳሜና እሑድን ይዛለች። የዓርብ ቀትር የጁምዓ ሶላት ነው። ስቅለት ለት ስግደት ላይ የሚውል ሰው አለ፣ ጥር 11 ደግሞ መንገዱ ራሱ አያስገባም። በረመዳን ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ካሜራውን ያጠፋው ባልደረባችሁ ኔትወርክ አልተቋረጠበትም፤ እያፈጠረ ነው።

ስለ ካሜራ ካነሣን «ሁላችሁም ካሜራ አብሩ» የሚለውን ትእዛዝ አልወደውም። ዙም ራሱ በሚሰጠው መመሪያ ለሁለት ሰው ጥራት ያለው ምስል በሰከንድ 600 ኪሎቢት ያህል ይፈልጋል፣ ድምፅ ብቻውን ከ60 እስከ 80። በሰዓት ሲሰላ ድምፁ በአንድ አቅጣጫ ቢበዛ 36 ሜጋባይት ሲሆን ምስሉ 270 ነው። ፓኬጅ በራሱ ብር ለሚገዛ ሰው ይህ ሒሳብ ቀልድ አይደለም። ስክሪን ሼር ማድረግ ግን ከድምፅ የማይበልጥ ዳታ ነው የሚወስደው፤ ሰነዱን አሳዩን፣ ፊታችሁን እናውቀዋለን። መጀመሪያ ሰላም ስንባባል ካሜራ በርቶ ከዚያ ቢጠፋ ማንም አይጎዳም። የስታንፎርዱ ጄረሚ ቤለንሰን በ2021 ስለ ዙም ድካም ሲጽፍ ከአራቱ ምክንያቶች አንዱ ያደረገው ቀኑን ሙሉ የራስን ፊት ማየትን ነው። መስታወት ፊት ተቀምጦ የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም።

መስመሩ ሲዘገይ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። በ2009 የታተመ 10 ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 0.2 ሰከንድ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። ድምፁ ያን ያህል ዘግይቶ ከደረሰ ሁለት ሰዎች ባንዴ ይጀምራሉ፣ ባንዴም ዝም ይላሉ። «ይቅርታ፣ እርስዎ ይቀጥሉ።» «ኧረ በፍጹም፣ አንቺ ቀጥይ።» አገራችን ውስጥ ይህ ብቻውን ሁለት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ሰብሳቢው በስም እየጠራ ተራ ይስጥ፤ ወጣቱንና አዲስ የገባችውን አስቀድሞ፣ አለቃውን መጨረሻ። አለቃው ቀድሞ ከተናገረ የሌላው ሐሳብ «እኔም እስማማለሁ» ሆኖ ይቀራል።

ሰላምታውን ግን አታሳጥሩት። በነጻ የሚሠራው ዙም በ40 ደቂቃ ስለሚዘጋ «ሰላምታ ይቅርና ወደ ሥራ» የሚል ሰብሳቢ በዝቷል። ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ ሳይባል ሥራ የሚጀመርበት ስብሰባ ለእኔ ቅዝቃዜው አይለቀኝም። ከ40ው 5ቱ ለሰላምታ ይሁኑ፣ 30ው ለሥራ፣ የቀሩት ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ የሚለውን ጮክ ብሎ ለማንበብ። ገደቡን ለማለፍ ሌላ ሊንክ የሚልክ ሰው አጀንዳውን አላሰበበትም። እውነቱን ለመናገር የ40 ደቂቃው ገደብ ዙም ከሰጠን ነገሮች ሁሉ ምርጡ ነው።

«ሪከርድ ተደርጓል፣ ያልገባችሁ እዩት» የሚለውም አያዋጣም፣ የሚያየው የለም። የሰፈር ዕድር ጸሐፊ አለው፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ያነበዋል። ላፕቶፕና ፋይበር ያለው ድርጅት አምስት መስመር ጽፎ ግሩፑ ላይ መለጠፍ እንዴት ያቅተዋል?

በዚህ ሳምንት ስብሰባ የምትጠሩ ሰዎች፣ ከመላካችሁ በፊት እዚያ ማዶ ስንት ሰዓት እንደሆነ እዩ። አዲስ አበባ ያላችሁም «ምንም ችግር የለም» ማለቱን ተዉና ስብሰባው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ቤት በምን እንደምትገቡ ንገሯቸው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከሆነ የራይዱን ሒሳብ ጠይቁ።