ያልገባው አለ?

ትናንት ልብሴን ቦርሳ ውስጥ ስከት ትልቋ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ «አባዬ፣ አንተ ስንተኛ ክፍል ነህ?» አለችኝ።

«የመጨረሻው ክፍል ነኝ» አልኳት።

«ታዲያ ለምንድነው የማትጨርሰው?»

ሳቄ መጣ። መልስ ግን አልነበረኝም።

ለማታውቁኝ፣ የሒሳብ መምህር ነኝ። የተቀጠርኩት በዲፕሎማ ነው። መጀመሪያ ሁለተኛ ሳይክል አስተማርኩ፤ በኋላ የመምህር እጥረት ስለነበር ሃይስኩል መደቡኝ። ዲግሪዬን በክረምት እየተማርኩ ነው፤ ዘንድሮ አራተኛውና የመጨረሻው ክረምት ነው። በልጆቹ አነጋገር «ጂሲ» ሆኛለሁ ማለት ነው። ነገ ክላስ ይጀመራል።

ከቡታጅራ ተነስቼ በዝዋይ በኩል፣ ሻሸመኔን አልፌ ሀዋሳ ስገባ ዝናቡ ነው የተቀበለኝ። ዶርም ስንገናኝ ሁሉም ትንሽ ሸብቷል። ጉልበቱን ለሚያመው ጓደኛችን የታችኛውን አልጋ ለቀቅንለት። ማታ ስለ ደመወዝ አወራን፣ ስለ ልጆቻችን አወራን፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን። አንዱ የመውጫ ፈተናን ሲያነሳ ግን ቤቱ ጸጥ አለ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። እውነቱን ልናገር? እፈራለሁ።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ትዝ ይለኛል። ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እኛ ስታፍ ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን «የዘንድሮ ልጆች አያጠኑም፣ ስልክ በላቸው» ስንል ነበር። እኔም ብያለሁ። አሁን ያቺው 50 እኔ ፊት ቆማለች። ብወድቅ የሚቀርብኝ ወረቀቱ ብቻ አይደለም። መስከረም ላይ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ «አጥኑ» የምለው በየትኛው አፌ ነው?

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ሪል አናሊሲስ ስንማር ሰሌዳው በኢፕሲሎንና በዴልታ ተሞላ። መምህራችን ዞር ብሎ «ያልገባው አለ?» አለ። ክፍሉ ውስጥ አርባ ያህል ነን። አንድም እጅ አልወጣም። እሱም «ጥሩ» ብሎ ቀጠለ። ልክ ከክላስ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ «አንተ ገብቶሃል?» «ኧረ እኔስ ምንም!» መባባል ሆነ።

እስቲ አስቡት፤ ሁላችንም አስተማሪዎች ነን። ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ ጥያቄ ስንጠይቅ፣ ዝም ሲሉን «ገብቷቸዋል» ብለን ስናልፍ የኖርን ሰዎች ነን።

በዚያው ሳምንት ላይብረሪ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ስታገል «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዓመታት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ሒሳብ ዲፓርትመንት ገብቷል። ደብተሬን አየት አድርጎ «ላሳይዎት?» አለኝ። አፈርኩ፤ ግን ወንበር ሳብኩለት። ወረቀት ላይ ሥዕል እየሳለ፣ ቀስ እያለ አስረዳኝ። ገባኝ።

«እንዲህ ጎበዝ መሆንህን ያኔ አላወቅኩም» አልኩት።

«ያኔማ ብዙው አይገባኝም ነበር ቲቸር። እርስዎን ፈርቼ ነው ዝም የምለው።»

በክፋት አላለውም። እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስንቱ ልጅ ዝም እንዳለ ቀረ? የኔን ፊት ፈርቶ ስንቱ ከሒሳብ ራቀ?

ስለዚህ ነገ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው የምቀመጠው። የኋላ ወንበር በቃኝ። ካልገባኝ እጄን አወጣለሁ፤ ይሳቅብኝ። መስከረም ስመለስ ደግሞ ተማሪዎቼን «ያልገባው አለ?» አልላቸውም። «የቱ ጋ ጠፋባችሁ?» ነው የምላቸው። መጥፋት ያለ ነገር መሆኑን ከኔ ይስሙት።

ለክረምት ተማሪ መምህራን በሙሉ፣ መልካም ሴሚስተር!

የቆየ የሒሳብ የመውጫ ፈተና ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አላፍርም።