በረዶና አመዳይ በመንዝ ደጋ

በመንዝ ደጋ ከባድ በረዶ በወረደ ማግስት፥ ምድሩ ነጭ ሸማ የለበሰ መስሎ ሲታይ፥ ልጅ አባቱን የሚጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አባቴ፥ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አይተው ያውቃሉ?» አባትም አብዛኛውን ጊዜ «በዕድሜዬ አላየሁም» ብሎ ይመልሳል። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ለሰማይ ጠባይ አጭር መስፈሪያ ነው።

የቀደሙት ሰዎች ይህን ነገር ለይተው ያውቁት እንደ ነበር ቋንቋቸው ይመሰክራል። በግዕዝ በረድ፥ ሐመዳና አስሐትያ፥ በአማርኛም በረዶ፥ አመዳይና ውርጭ የተለያዩ ስሞች ናቸው። በረዶ ከነጎድጓድ ጋር እንደ ጠጠር ይወርዳል፤ አመዳይ እንደ ተባዘተ ጥጥ ቀስ ብሎ ይረግፋል፤ ውርጭ ግን በጠራ ሌሊት በሣሩ ላይ ረግቶ ያድራል። ዛሬ ሦስቱን ሁሉ «በረዶ» ማለት ስለ ተለመደ፥ የወረደው ምን እንደ ሆነ መለየት አስቸጋሪ ሆኗል።

በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ አመዳይ ለመውረዱ ጥንታዊው ምስክር በአዱሊስ በድንጋይ ተቀርጾ የነበረው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ ነው። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት እንደ ገለበጠው፥ የንጉሡ ሠራዊት በሰሜን ተራሮች ላይ እስከ ጕልበቱ በአመዳይ ውስጥ ይሰጥም ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት ግን የእስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በእነዚያ ተራሮች አመዳይ እንዳላየ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ባሳተመው መጽሐፉ አመዳዩን በዓይኑ ማየቱን ገልጦ፥ ብሩስ ያላየው ከተራራው ግርጌ አልፎ ስላልወጣ ነው ሲል አስረዳ። ከግርጌ የቆመ ሰው «አላየሁም» ቢል ሐሰተኛ አይባልም፤ «የለም» ቢል ግን ይሳሳታል።

ይሁን እንጂ መንዝ እንደ ሰሜን አይደለም። የራስ ዳሸን ከፍታ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል፤ የመንዝ ጓሳ ግን ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ነው። አመዳይ እንዲወርድ ርጥበትና ብርቱ ቅዝቃዜ በአንድ ጊዜ መገናኘት ያስፈልጋቸዋል። በመንዝ ቅዝቃዜው የሚበረታው ከጥቅምት እስከ ጥር፥ ደመና በሌለበት ወራት ነው፤ ያን ጊዜ የምድር ሙቀት በሌሊት ወደ ላይ ይሸሻልና ውርጭ ይሆናል። በክረምት ደግሞ ደመናው ምድሩን እንደ ባና ስለሚሸፍን፥ ውሃ የሚረጋው ከፍ ካለው ደመና ውስጥ ነው፤ እርሱም ጠጥሮ ይወርዳል። ስለዚህ መንዝንና ግሼን የሚያነጣው አብዛኛውን ጊዜ አመዳይ ሳይሆን የተከመረ በረዶ ነው። በመርሐ ቤቴ ደጋ ይህ በሚወርድበት ቀን እንኳ፥ ከታች በጀማ ሸለቆ ቀልጦ ተራ ዝናብ ሊሆን ይችላል።

የስሙ ልዩነት ለተመልካች ትንሽ ይመስላል፤ ለገበሬ ግን የእንጀራ ነገር ነው። በረዶ ያሸተውን ገብስ በጥቂት ደቂቃ ያረግፈዋል፤ ውርጭ የባቄላውን አበባ በአንድ ሌሊት ያጠወልገዋል። ክፉ ዓመት እንደሚመለስ ያወቁ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጓሳን በሥርዓት እየዘጉና እየከፈቱ ጠበቁት፤ ሣሩ ለቤት ክዳን፥ በችግር ጊዜም ለከብት ግጦሽ ይሆን ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የቀድሞውን ሥርዓት ቢያፈርሰውም፥ ሕዝቡ ጓሳን መጠበቁን ፈጽሞ አልተወም።

እንግዲህ ልጁ በነጣው ማሳ ዳር ቆሞ በሚጠይቅበት ጊዜ፥ አባት «አላየሁም» ካለ በኋላ ሁለት ነገር ቢጨምር መልካም ነው። አንደኛው የወረደውን በስሙ ጠርቶ ቀኑንና ያጠፋውን ማስጻፍ ነው፤ ሁለተኛውም ያላዩት አባቶች እንኳ ስለ ክፉ ዓመት ሣር ያስቀምጡ እንደ ነበር መንገር ነው። በረዶው እስከ ቀትር ይቀልጣል፤ የረገፈው ገብስ ግን እስከ መጪው አዝመራ ድረስ በጎተራው ውስጥ ይታወቃል።