ዘጠና አራት ፊደል

ባለቤቴ አሮጌ ዕቃ የመሰብሰብ አመሌን የምታውቀው ሚናለሽ ተራ ከምመላለስበት ዘመን ጀምሮ ነው። ታዲያላችሁ እዚህ ሜሪላንድ አንድ ሰው ምድር ቤቱን ሲያጸዳ ያወጣውን ቪቲ 220 ተሸክሜ ስገባ፣ "እሱ ከገባ እኔ የት ልቀመጥ ነው?" አለችኝ።

ቪቲ 220 ዲጂታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ተርሚናል ነው። ኮምፒዩተር ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው። አሳቢው ሌላ ክፍል ነው። በወጣትነቴ አዲስ አበባ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የዚያን ዋና ማሽን ክፍል ጫማ አውልቀን ነበር የምንገባው። (ቤተ ክርስቲያን እንኳ እንደዚያ አልተጠነቀቅንም።)

አንድ ቀን አባቴ ሊጠይቀኝ መጣና ስሙን ስክሪኑ ላይ ጻፍኩለት፤ በላቲን ነዋ! ሌላ መቼ ያውቃል?

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ስምዎ ነው፣ አባባ።"

"የኔ ስም እንዲህ አይጻፍም" ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አሁን አሳቢው ራስበሪ ፓይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበ፣ መዳፍ የማይሞላ ኮምፒዩተር። ሊኑክስ ጫንኩበት። ሊኑክስ ላይ የሚከፈተው የትእዛዝ መስኮት እኮ እስከ ዛሬ የነዚህን ተርሚናሎች ጠባይ አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ብዙም አልተቸገሩ። የተቸገርኩት እኔ ነኝ። የአሮጌው ገመድ ምልክት ከአምስት ቮልት በላይ ነው፣ የፓይ እግር ከ3.3 በላይ አይችልም፤ መሃል አስታራቂ ቺፕ ያስፈልጋል። እኔ ቸኩዬ አንዱን ፓይ አቃጠልኩት። ባለቤቴ ይህን እዚህ ካላነበበችው በቀር አታውቅም።

ከዚያ የአባቴን የመጨረሻ ደብዳቤ በአማርኛ ተይቤ ላክሁት። ስክሪኑ ጭረት ያለባትን የላቲን ኤ ደጋግሞ ደረደረልኝ። ምን ያድርግ? የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በተለመደው አሠራር አንዷ ፊደል በሦስት ባይት ትላካለች፤ እሱ ሦስቱንም ለየብቻ ሊያነብ ይሞክራል።

ግን ይህ ዕቃ አንድ በጎነት አለው፦ 94 ቅርጾችን ከውጭ ይቀበላል። ዋናዎቹ ፊደሎቻችን ሠላሳ ሦስት በሰባት፣ 231 ናቸው። አይገቡም! ደግነቱ የአባቴ ደብዳቤ አጭር ናት። ፕሮግራም ጽፌ የተጠቀመባቸውን ፊደላት አስቆጠርኩ፤ ከነነጥቦቹ 81 ሆኑ። እያንዳንዳቸውን በነጥብ በነጥብ ስስል ሦስት ሳምንት አለቀ። "ጨ" እና "ጬ"ን ለመለየት ብቻ ሁለት ምሽት ሄዷል።

መጀመሪያ የወጣው ስሙ ነበር። ከዚያ ሰላምታው፣ ከዚያ የጎረቤቱ ላም ወሬ።

ባለቤቴ የወጥ ማማሰያዋን እንደያዘች ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ምንም አላለችም። ስትወጣ ግን፣ "ከመስኮቱ ራቅ አድርገው፣ ፀሐይ እንዳይመታው" አለችኝ።